የአሥራ ሰባት ቀን መርፌና የጃፓኗ የውብዳር

ሲስተር ትርንጎ ማረፋቸውን በስልክ የነገረኝ ሰው፣ ዝም ስለው ጊዜ መስመሩ የተቋረጠ መስሎት ሦስት ጊዜ «ሃሎ» አለ። መስመሩ አልተቋረጠም። መጀመሪያ ወደ አፌ የመጣው ነገር አሳፍሮኝ ነው እንጂ። እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ላወጣው የነበረው ቃል «እንግዲያማ ክርክሩን እኔ አሸነፍኩ» የሚል ነበር። ሰው ሞቶ እንዲህ ይባላል? ለሲስተር ትርንጎ ግን ይባላል። እኔ ቀድሜ ብሞት ኖሮ እርሳቸው ከዚህ የባሰ ነገር ለቀስተኛው መሐል ተቀምጠው እንደሚናገሩ አውቃለሁ። ስልኩን ዘጋሁና ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

የተከራከርነው ስለ መሬት ወይም ስለ ፖለቲካ እንዳይመስላችሁ። ስለ ጃፓን ካርቱን ነው። አዎ፣ ሁለት ደመወዝተኞች፣ እርሳቸው ወደ ሃምሳ የተጠጉ ነርስ፣ እኔ የሁለት ልጆች አባት የሆንኩ የካርድ ክፍል ሠራተኛ፣ በመተማ ቆላ ሙቀት ላባችንን እየጠረግን በካርቱን ስንጨቃጨቅ ዓመታት አለፉ። «ካርቱን» ማለቴን ቢሰሙ ደግሞ አሁንም ይቆጡኛል። «አኒሜ በል። ካርቱን አይጥና ድመት ነው» ይሉኝ ነበር።

የእኔ ነገር አጭር ነው። ስንሻው እባላለሁ፤ ከጎንደር ከተማ ተመድቤ የወረድኩ ነኝ። ሐኪም ቤት ሄዳችሁ ካርዳችሁን ፈልጎ አጥቶ «እስቲ ነገ ተመለሱ» ያላችሁ ሰው ካለ፣ እኔ ወይም የእኔ ቢጤ ነው። ሲስተር ትርንጎ ግን የካላዛር ክፍል ነርስ ነበሩ። አጭር፣ ወፍራም፣ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለ፣ በነጩ ጋውን ኪስ ውስጥ ሁለት እስክሪብቶና አንድ ፍላሽ የማያጡ ሴት። በቆላው ሁሉ እንደ እርሳቸው እጀ ቀላል መርፌ ወጊ አልነበረም፤ ምላሳቸው ግን እንደ እጃቸው አልነበረም።

ካላዛርን ለማያውቅ ሰው ልንገር። የአሸዋ ዝንብ ነክሳ የምታመጣው፣ ጣፊያ የሚያሳብጥ፣ ሰው የሚያመነምን የቆላ በሽታ ነው። ካልታከሙት ይገድላል። ከታከሙት ይድናል፤ ግን መርፌው አሥራ ሰባት ቀን ነው፣ በየቀኑ ሁለት ሁለት፣ ያውም የሚያንገበግብ መርፌ። የሚታመሙት ደግሞ አብዛኞቹ ሳሉግ የምንላቸው፣ ከጎጃምና ከወሎ ደጋ ለአጨዳ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ሰሊጥ ትዕግሥት የለውም። በደረሰ በጥቂት ቀን ካልታጨደ ቅርፊቱ ተከፍቶ ፍሬው መሬት ላይ ይፈሳል። ስለዚህ ሰውዬው ስምንት ዘጠኝ ቀን ተወግቶ ትኩሳቱ ሲለቀው፣ እህል ሲጥመው፣ «ድኛለሁ» ይልና በማለዳ አጥር ዘሎ ወደ ኮኪት ወይም ወደ ሽንፋ እርሻ ይጠፋል። ከወር በኋላ ብሶበት ይመለሳል፤ ወይም ጨርሶ አይመለስም። ሲስተር ትርንጎ ከዚያ አጥር ጋር ነበር ጠባቸው።

አኒሜን ከየት አመጡት ትሉኝ ይሆናል። እኔም ጠይቄያቸዋለሁ። በደርግ ጊዜ ልጅ ሳሉ ከወላጆቻቸው ጋር ድንበር ተሻግረው ገዳሪፍ ገቡ። ጎረቤታቸው ሱዳናዊ ቴሌቪዥን ነበረው፤ ከሰዓት በኋላ የጃፓን ካርቱን በዓረብኛ ተተርጉሞ ይታያል። ዓረብኛውንም የቀሰሙት ከዚያ ነው። «የእኔ ዓረብኛ የሰይፍ ታጣቂ ዓረብኛ ነው። ገበያ ገብቼ ሽንኩርት ስጠይቅ እንደ ጦር አዛዥ ነበር የምናገረው። ሻጩ በሳቅ ሊሞት ይደርስና ይመርቅልኛል» ይሉ ነበር።

ያንን የዓረብኛ ትርጉም ግን አምርረው ይጠሉታል። ለልጆች ተብሎ የተሞረደ ነው። ፍቅረኛሞቹ እህትና ወንድም ተደርገዋል። የሞተ የሚባል ሰው የለም፤ የሞተው ሁሉ «ተጓዘ» ነው የሚባለው። በአንዱ ተከታታይ ውስጥ ደግ መምህር ደረቱ ላይ ፍላጻ ተሰክቶ ገደል ገባና፣ ተርጓሚው ያለምንም ሐፍረት «መምህራችን ሩቅ አገር ተጓዙ» አለ። ሲስተር ትርንጎ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናቸው። አመኑ። «ተከታታዩ አለቀ፣ ሌላ ተጀመረ፣ እኔ አሁንም እጠብቃለሁ። በሌላኛው ውስጥ ብቅ ይላል ብዬ» አሉኝ።

እኔ ሳቅሁ። እርሳቸው አልሳቁም።

«በዚያው ሰሞን አባቴ በሰሊጥ አጨዳ ላይ ታሞ ሐኪም ቤት ተኝቶ ነበር። ይኸው የእኛው በሽታ ነው። መርፌውን ሳይጨርስ ወጥቶ ወደ እርሻው ሄደ። እናቴ ‹አባትሽ ተጓዘ› አለችኝ። እኔ ሁለቱንም ነው የጠበቅሁት፣ ስንሻው። ሁለት ዓመት ሙሉ።»

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ በአኒሜ አልቀለድኩባቸውም። ለሦስት ቀን ያህል።

አስተያየታቸው ብዙ ነበር፤ ሳይጠይቋቸውም ይሰጡታል። አንድ ተከታታይ ጥሩ መሆን አለመሆኑን የሚለዩት በምግቡ ነው። ሩዙ ላይ እንፋሎት ካልተሣለ ያጠፉታል። «ምግብ የማያከብር ሠዓሊ ሰውም አያከብርም» ይላሉ። የመግቢያውን ዘፈን ማዝለል ክልክል ነው፤ አንዴ አዝልዬ አንድ ሳምንት አኩርፈውኛል። እኔ ደግሞ የማልወደው ነገር ነበረኝ። ሁለት ባላንጣ ሰይፍ መዘው፣ ሳይነካኩ ሦስት ክፍል ሙሉ ያወራሉ። «ሊገዳደሉ መጥተው የምን ወሬ ነው?» ስላቸው፣ «ሽማግሌ ለእርቅ ሲቀመጥ ስንት ሰዓት ያወራል? ጠብም እንደ እርቅ ወግ አለው» አሉኝ። ስለ ፀጉራቸው ጠየቅሁ፤ አረንጓዴ ፀጉር ያለው ሰው የት አገር ነው ያለው? «አንተ በሽተኞችህን በምን ትለያለህ? በካርድ ቁጥር። እነሱ በፀጉር ይለያሉ። የእነሱ ደግሞ አይጠፋም» ብለው ወደ ሥራዬ መለሱኝ። ሌላ ቀን፣ «እነዚህ ልጆች ወላጅ የላቸውም? የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ብቻውን ቤት ይዞ ይኖራል?» ብላቸው፣ መነጽራቸውን አወለቁና «አባት አጠገቡ ያለ ልጅማ ምን ታሪክ አለው» አሉ።

አንድ ጊዜ ከጎንደር ኮምፒውተር ሊጠግን የመጣ ቴክኒሻን ወሬያቸውን ሰምቶ ኖሮ፣ በፍላሽ ሁለት ነገር ሰጣቸው። አንዱ ቪዥዋል ኖቭል የሚሉት ነው። ፊልምም አይደለም፣ መጽሐፍም አይደለም። ሥዕሉ ይቆማል፣ ሙዚቃው ቀስ ብሎ ይጫወታል፣ ጽሑፉ ከሥር ይወጣል፣ አንባቢው ያነባል። እየተነበበ ይሄድና ድንገት ቆሞ ይጠይቃል፤ ይህን ታደርጋለህ ወይስ ያንን? የተመረጠው ነገር ታሪኩን ያዞረዋል። ሌላው ደግሞ ከዚያው ንባብ የተሠራው አኒሜ ነው፣ አሥራ ሁለት ክፍል። ሲስተር ትርንጎ አንደኛውን «ንባቡ»፣ ሁለተኛውን «ፊልሙ» ይሉታል። ንባቡን ለሪፖርት በተሰጣቸው ላፕቶፕ ላይ፣ መዝገበ ቃላት አጠገባቸው አድርገው፣ በነርስ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ብቻቸውን ጨረሱት። እኔ ፊልሙን በሁለት ቀን ጨረስኩ። ክርክሩ የተጀመረው ያኔ ነው። እኔ ፊልሙ ይበልጣል አልኩ፤ ተቀምጠህ ታያለህ፣ ያልቃል፣ ማንም ምንም አይጠይቅህም። እርሳቸው ጆሯቸውን ያዙ።

ቀጥሎ ያደረጉትን ሌላ ነርስ አያደርገውም። ንባቡን ወደ ካላዛር ክፍል አስገቡት። ጠዋት ሦስት ሰዓት መርፌ፣ አራት ሰዓት ንባብ። ያልተወጋ አይሰማም። ላፕቶፑን መድኃኒት በምናመላልስበት ጋሪ ላይ ያስቀምጡና ለአሥራ አንድ በሽተኛ ወደ አማርኛ እየመለሱ ያነባሉ። ምርጫው ሲመጣ ያቆማሉ። «እጅ አውጡ» ይላሉ፤ ቆጥረው የበዛውን ይጫናሉ። እርሳቸው ድምፅ አይሰጡም።

ታሪኩ በአንዲት ትንሽ ደሴት ላይ ነው። ሰዎቹ ከባሕር ውስጥ ቅጠል ለቅመው አድርቀው ይበላሉ፣ ይሸጣሉም። ለሳሉጎቹ ይህ ትልቅ ሳቅ ነበር። «ከውሃ ውስጥ ሣር? በወጥ ነው?» አሉ። ቅጠሉ ግን በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለአሥር ቀን ብቻ ነው የሚደርሰው፤ ካለፈ ማዕበሉ ይወስደዋል ሲባሉ ሳቁ ቆመ። ይህንን ያውቁታል። የጃፓኖቹን ስም ምላሳቸው እምቢ ስላለ ለሁሉም አዲስ ስም አወጡ። ባለታሪኩ ልጅ አበጀ ተባለ። አራት ልጃገረዶች አሉ፤ ከእነሱ መሐል ደረቷን የምትታመመው፣ በደሴቲቱ ክሊኒክ የተኛችው ቅጠል ለቃሚ የውብዳር ተባለች። ሌሎቹን ሦስቱን ማንም አላያቸውም። ምርጫ በመጣ ቁጥር አበጀ ወደ ክሊኒኩ እንዲሄድ እጅ ይወጣል።

ሙላት የሚባል የጎጃም ልጅ ነበር፣ ሃያ ዓመት ያልሞላው፣ ዓይኑ ብቻ የቀረ። ኮኪት ለሰሊጥ የወረደው የእናቱ ቤት ክዳን ፈርሶ ነው፤ ቆርቆሮ ሊገዛ። አጨዳው ሳይጀመር ታመመ። አልጋው በመስኮቱ በኩል ስለሆነ ሠራተኛ ጭነው የሚያልፉትን መኪኖች እያየ ይውላል። ዘጠነኛው ቀን ላይ ሰሊጡ እንደደረሰ ሰማ። በዚያው ጠዋት ንባቡ ቆሞ ጠየቀ። የባሕሩ ቅጠል ደርሷል፤ የውብዳር ሳል ቀንሷል፤ እናቷ ብቻዋን ናት። ልጅቷ አበጀን «አብረን እንውጣ» ትለዋለች። ያውጣት ወይስ ክሊኒኩ ውስጥ ያቆያት?

ሙላት ከአልጋው ተነሥቶ ቆመ። «ሲስተር፣ ይችን ልጅ ምን ይዟት ነው ከእንግዲህ የምትተኛው? ሳሏ ቀንሷል ብለው አንብበውልን የለም ወይ? አሥር ቀን ነው ያላት። ካለፈ ዓመት ነው። እናቷን ማን አላት? ትውጣ እንጂ።»

ሰይድ የሚባል የወሎ ሰው፣ በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጥ፣ «ወላሂ እውነቱን ነው» አለ። አሥር እጅ ወጣ። አሥራ አንደኛው ሰውዬ እንቅልፍ ወስዶት ነው።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ሲስተር ትርንጎ መጨረሻውን ያውቃሉ፤ ብቻቸውን አንብበውታል። ፊታቸው ላይ ምንም አላየሁም። «ትውጣ ብላችኋል» ብለው ተጫኑት። የውብዳር ወጣች። ሦስት ቀን ለቀመች፤ ክፍሉ በሙሉ ደስ አለው። በአራተኛው ቀን ከባሕሩ ወጥታ፣ ቅርጫቷን አሸዋው ላይ አስቀምጣ፣ ትንሽ ልረፍ ብላ ጋደም አለች።

«ሞተች» ብለው አነበቡ ሲስተር ትርንጎ።

አንዱ፣ «ደከማት ነው ወይስ…» አለ።

«አልደከማትም፣ ሞተች። ሐላስ። ለዛሬ በቃን» ብለው ላፕቶፑን ከደኑት።

ያን ቀን ምሳ የነካ የለም። ሰይድ ጋቢውን ራሱ ላይ ጣል አድርጎ ወደ ግድግዳው ዞረ። እኔ ተናድጄ ተከተልኳቸው። «ምናለ ታመመች ቢሉ? በሽተኛ ፊት እንዲህ ይነበባል?» አልኳቸው። «ተጓዘች ልበልልህ?» አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ እኔም ብልህ ሆንኩና ፊልሙን ላሳያቸው አልኩ። በፊልሙ ውስጥ የውብዳር አትሞትም፤ ይህን አይቻለሁ። ይጽናናሉ ብዬ ነው። ላፕቶፑን ጋሪው ላይ አስቀምጬ የመጨረሻዎቹን ሦስት ክፍሎች ከፈትኩላቸው። አበጀ ከሌላዋ፣ ከመርከበኛው ልጅ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ ይሮጣል። የውብዳር አንዴ ከኋላ ቅርጫት ይዛ አለፈች። አንዴ ሳለች። አለቀ።

«የታለች?» አለ ሙላት።

«አለች እኮ፣ አሁን አለፈች» አልኩ።

«ማለፏንማ አየሁ። ምን ሆነች ነው የምልህ። ይቺ አብራው የምትሮጠው ደግሞ ማን ናት?»

ሰይድ ከጋቢው ውስጥ ራሱን አወጣ። «ይኸ የሰው ሥራ አይደለም። ሰውን ከነበሽታው ጥግ ላይ አቁሞ መሄድ ነው» አለ። ሲስተር ትርንጎ በሩ ላይ ነበሩ። ዓይናቸው እንዲያ ሲያበራ አይቼ አላውቅም። «ሰማህ ስንሻው? ይኸው ነው የእኔ ጥል ከፊልሙ ጋር። አራት መንገድ ያለውን አገር አንዱን አስፋልት አድርጎ ሌላውን ያጥረዋል። በሌላው መንገድ ላይ ያለው ሰው ሞተ ዳነ ደንታ የለውም» አሉ። አሥራ አንድ በሽተኛ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ተሸነፍኩ።

ከዚያ ሙላት ያልጠበቅሁትን ጥያቄ ጠየቀ። «ሲስተር፣ ወደኋላ አይመለስም? ትውጣ ያልነው ጋ ተመልሰን፣ ትቆይ እንበል።»

ሲስተር ትርንጎ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ይመለሳል» አሉ። «ችግሩ፣ እኔ እንደ መጽሐፍ ገጽ የማጥፈው አንድ ቦታ ብቻ ነው። አዲሱን ሳጥፍ የድሮው ይዘረጋል። አሁን ያጠፍኩት ከሞተች በኋላ ነው። እንድመልሳት ከፈለጋችሁ ከመጀመሪያው መነሣት አለብኝ።»

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

በጣታቸው ቆጠሩ፤ ቀስ እያሉ፣ ልክ እንደማያውቁት። «ፈጠን ካልኩ ስምንት።»

ሙላት የቀረው መርፌ የስምንት ቀን ነበር።

እኔ ፊልሙን ለመዝጋት ላፕቶፑ ላይ ጎንበስ እንዳልኩ ነው። የንባቡ ገጽ ከኋላ ክፍት ነበርና የታጠፉት ገጾች ዝርዝር ፊት ለፊቴ ድቅን አለ። አንድ አይደለም፣ ዘጠኝ ነው። በየቀኑ አንድ አንድ። የመጨረሻው የዛሬ ጠዋት፣ ልክ እጅ ከመውጣቱ በፊት። አንድ ጊዜ ብትነካው የውብዳር ከነሕይወቷ ክሊኒኩ ውስጥ ተኝታለች። ቀና አልኩ። ሲስተር ትርንጎ ከመነጽራቸው በላይ ያዩኛል። እኚህ በዘመናቸው ስለ ታሪክ አንዲት ቃል ዋሽተው የማያውቁ፣ «ተጓዘ» የሚለውን ቃል የሰሙ እንደሆነ የሚታመሙ ሴት።

«ስንሻው፣ ውጭ ካርድ ጠፋብኝ የሚል ሰው አለ» አሉኝ።

ሰው አልነበረም። ግን ወጣሁ።

እኔ ምስጢር የምይዝ ሰው አይደለሁም፤ ሚስቴን ጠይቁ። እነዚያን ስምንት ቀናት ከበሽተኞቹ ጋር ወሬ ሳልጀምር አሳለፍኩ። ክፍሉ ግን እንደ አዲስ ተያያዘው። ሁለተኛው ዙር ላይ እንደ ዳኛ ነበር የሚሰሙት። የውብዳር በሳለች ቁጥር «ይኸው፣ ያኔ አልሰማናትም» ይባባላሉ። ሰይድ መርፌውን ጨርሶ የመውጫ ወረቀቱን ሲሰጡት እምቢ አለ። ከመድኃኒቱ የሸሸ ብዙ አይተናል፤ ድኖ አልወጣም ያለ ግን እሱ የመጀመሪያው ነው። አልጋው ለሌላ በሽተኛ ስለተፈለገ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ምንጣፍ አንጥፎ ጠዋት ጠዋት ለንባብ ይመጣ ነበር።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን አንድ አይሱዙ በራችን ላይ ቆመ። ወደ ኮኪት ነው። ከላይ ያለው ጠሪ «አጫጅ፣ አጫጅ» ይላል። ሙላት አልጋው ላይ የለም፤ ጥቅሉም የለም። ሄጄ ለሲስተር ትርንጎ ነገርኳቸው፤ ዘበኛውን ልጥራ አልኩ። «ተው» አሉኝ። ላፕቶፑን ታቅፈው ወጡና ከበሩ ሃያ እርምጃ ያህል ራቅ ብለው ኒሙ ሥር ተቀመጡ። የሚችለው በሽተኛ ሁሉ ተከተላቸው። ሙላት አንድ እጁ የመኪናው ብረት ላይ ነው። ማንበብ ጀመሩ፤ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ሲስተር፣ አይሰማም» አለ ሙላት ከበሩ።

«እዚህ ለተቀመጠ ይሰማል» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

ሹፌሩ ጥሩንባ ነፋ። ሙላት አንድ እግሩን ጎማው ላይ አወጣ። እኔ ከሲስተር ትርንጎ ኋላ ቆሜያለሁ፤ የሚያነቡት ገጽ ካለቀ ቆይቷል፤ ቀጣዩን ሳይጫኑ ያንኑ መስመር ሦስት ጊዜ እየደጋገሙ ነው። ያኔ ገባኝ። ልጁ ከሄደ የሚሄደው አንድ ሙላት ብቻ አልነበረም፤ መርፌውን ሳይጨርሱ የተጓዙት አባታቸውም ነበሩ። ሰይድ ወደ በሩ ዞሮ፣ «አንተ፣ ያኔ ትውጣ ብለህ ያስገደልካት አንተ ነህ። ዛሬ ደግሞ ጥለሃት ልትሄድ ነው?» አለው።

ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋና፣ «ማንን ነው ያስገደለው?» ብሎ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

ነገሩ በሳቅ ተበተነ። ሲያስረዱት ጊዜ ሄደ፤ ጠሪው ተናደደ፤ መኪናው ሄደ፤ ሙላት በሩ ላይ ቀረ። መጥቶ ሲቀመጥ ፊቱ በርበሬ መስሏል። ያን ዕለት ሲስተር ትርንጎን ያልሰደበበት ስድብ የለም፤ ግን ማግሥቱን መርፌውን ተወጋ።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን የመጨረሻዎቹን ሁለት መርፌዎች ወጉት። ጥቅሉ ታስሮ እግሩ ሥር ነው። ንባቡ ደረሰ፤ ቆመ፤ ጠየቀ። ያውጣት ወይስ ያቆያት? እጅ አውጡ ሳይባል የሁሉም እጅ ወጣ። ሰይድ ሁለት እጁን አወጣ፤ አንዱ አልተቆጠረለትም። ሙላት ብቻ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር እጁን ያወጣው።

የውብዳር ቆየች። አሥሩ ቀን አለፈ። ማዕበሉ ቅጠሉን ወሰደው። እናቷ ባዶ ቅርጫት ይዛ ተመለሰች። ልጅቷ ደረቷ ዳነ፤ ከክሊኒኩ ወጣች። አበጀን ግን ይቅር አላለችውም። መንገድ ላይ አግኝቷት ሰላም ሲላት ፊቷን አዞረች። በመጨረሻው ገጽ ወደብ ላይ ትልልቅ ቅርጫት ተሸክማ ስታልፍ ከሩቅ ያያታል። እርሷ አላየችውም። ሙዚቃው ቆመ።

«አለቀ?» አለ ሰይድ።

«አለቀ።»

«እንኳን አመሰግናለሁ አላለችም እኮ።»

«አላለችም» አሉ ሲስተር ትርንጎ።

ሙላት ጥቅሉን አነሣ። አራት ቀን ያመቀው ሁሉ ያን ጊዜ ፈነዳ። «ይኸ ነው ንባብ ማለት? ሰሊጡ አለቀ። ኮኪት አንድ አዝመራ የቆመ የለም። ለእናቴ ምን ይዤ ልግባ? እርስዎ በጃፓን ልጅ አስረው አስቀሩኝ፣ እርሷም ዘጋችን። እግዜር ይይልዎት» አለ። እጅ አልነሣም፣ ዞር ብሎም አላየ። በሩን ወርውሮት ወጣ። ግቢውን በረጃጅም እርምጃ አቋረጠ። አስፋልቱ ላይ ወጥቶ ወደ ሸሕዲ አቅጣጫ ሲታጠፍ አሁንም እጁን እያወናጨፈ ለመንገደኛው ሁሉ ይናገራል።

ሲስተር ትርንጎ በረንዳው ላይ ወጥተው ይሰማሉ። አጠገባቸው ቆምኩ።

«ሰደበዎት እኮ፣ ሲስተር» አልኩ።

«ዝም በል፣ ልስማበት» አሉኝ። ጉንጫቸው በእንባ ርሶ ይስቃሉ። «ድምፁን ትሰማለህ? ቃሬዛ ላይ ሆኖ የመጣ ቀን እኮ፣ ስሙን ለካርድ ስትጠይቀው፣ ጆሮህን አፉ ላይ ደፍተህ ነው የሰማኸው።»